የሲስተር ቮልስ

ብረታ ብረት የሚገዙት ሰዎች ገመዱን ከአሮጌዋ ቮልሳችን የፊት መከላከያ ላይ አስረው ሊጎትቷት ሲሉ ደረስኩ። ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ገመዱን ይዘዋል፤ አንዱ ከኋላ ሊገፋ ትከሻውን አስደግፏል። እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ታያለች። የመኪናዋ ጎማዎች ከተነፈሱ ብዙ ዓመት ስለሆናቸው ቸርኬዎቿ አፈሩ ውስጥ ሰምጠዋል፤ ስለዚህ ገና ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ምን እየተደረገ ነው?» አልኩ።

«ውሰዷት ብያቸዋለሁ» አለች እናቴ። «ስንት ዘመን ግቢውን ይዛ ትቀመጣለች?»

ገመዱን ከያዙት አንዱ፣ «እናታችን ፈቅደው ነው፤ እኛ በጉልበት አልገባንም» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለዚያች መኪና ብዙም አስቤ አላውቅም። ጓሮ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆማ፣ ዶሮ ሲያድርባት፣ ልብስ ሲሰጣባት፣ እንደ አንድ ትልቅ ድንጋይ ለምጃት ነበር። ገመዱ ሲወጠር ግን «ተዉት» አልኩ። ሰዎቹን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከዕቃ ቤት አንድ የተሰበረ የብረት አልጋና ሁለት ባዶ በርሜል አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ እያጉረመረሙ ሄዱ። እናቴ ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ገባች። ግቢው ስለጠበባት የተቆጣች መስሎኝ ነበር።

እናቴ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ከሆስፒታሉ እስከ አውቶ ፓርኮ ሰፈር ሰው ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት፤ አባቴ እንኳ ሰው ፊት «ሲስተር» ይላት ነበር። ቮልሷን የገዛችው የጤና ኮሌጁ ውስጥ ሲያስተምር ቆይቶ ወደ አገሩ ይመለስ ከነበረ የውጭ አገር ሐኪም ነው። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ቀለሟ ውሃ ሰማያዊ ነበር። እናቴ አጭር ስለሆነች ከሥሯ ወፍራም ትራስ አድርጋ፣ አገጯን ወደ መሪው አስጠግታ ነበር የምትነዳው። ከሩቅ ሲያዩዋት መኪናዋ ያለ ሹፌር የምትሄድ ትመስላለች። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ መንዳት አልተማረም። አጠገቧ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ ያስቀምጥና ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ሲደርሱ እግሩን ወለሉ ላይ ተክሎ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። እናቴ በዓይኗ ጫፍ አይታው ትስቃለች እንጂ አትናገረውም።

የእኔ ቦታ የታወቀ ነበር። ቮልስ ከኋላ ወንበሯ ጀርባ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ አንድ ልጅ ጉልበቱን አጥፎ የሚተኛባት ዕቃ ማስቀመጫ ጉድጓድ አላት። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ እዚያ የተኛ ሰው ጀርባው ይሞቃል። ቤንዚን በኩፖን ይታደል በነበረበት በዚያ ዘመን እናቴ ለወራት አጠራቅማ በዓመት አንዴ ወደ ጎርጎራ፣ ሐይቅ ዳር፣ ትወስደን ነበር። ስንመለስ እኔ እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ፀጉሬ እንደረጠበ እተኛለሁ። ሞተሩ ከጆሮዬ ሥር ያጉረመርማል፤ እህቴ ከፊቴ ሆና ዓሣ ዓሣ የሚሸት እጇን አፍንጫዬ ላይ ታደርጋለች፤ በኋላ መስኮት የዛፎቹ ጫፍ እየተገለበጠ ሲያልፍ አያለሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ሰፈሩ የመኪናዋን ድምፅ ያውቀዋል። ምጥ የያዛት ሴት ካለችበት ቤት ሰው ሲላክ፣ እናቴ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታጠልቅ ትወጣለች። ቢያንስ ሁለት ልጆች ሆስፒታል ሳይደርሱ ኋላ ወንበሯ ላይ እንደተወለዱ አውቃለሁ። በማግስቱ ወንበሩን አውጥታ፣ በሳሙና አጥባ፣ ፀሐይ ላይ ስታሰጣው እኔና እህቴ ውሃ እናቀብላታለን።

የቆመችው መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። እናቴ «ተበላሽታለች» አለችን። «መለዋወጫ ሲመጣ ትሠራለች» ተባለ። መለዋወጫው አልመጣም፤ ወይም የጠየቀ ሰው አልነበረም። እናቴ ሥራ በእግሯ፣ በኋላ ደግሞ በባጃጅ መመላለስ ጀመረች። አባቴ አረፈ። እህቴ አግብታ ባሕር ዳር ሄደች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆኜ፣ አግብቼ፣ ከእናቴ ጋር እዚያው ግቢ ቀረሁ።

ሰዎቹ መኪናዋን ሊወስዱ የመጡት በጸጥታው ችግር ትምህርት በተቋረጠበት ሰሞን ነው። መንገድ አንዳንዴ ለሳምንት ይዘጋል፤ ኢንተርኔት የለም፤ ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። እኔ በየቀኑ ቢሮ ገብቼ፣ የቆጠርኩትን ዕቃ እንደገና ቆጥሬ እመለሳለሁ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ማልጄ ተነሥቼ አካፋ ይዤ ወጣሁና በጎማዎቿ ዙሪያ ያለውን አፈር መዛቅ ጀመርኩ። ለምን እንደጀመርኩ ሚስቴ ጠየቀችኝ። «እንዲሁ ልያት ብዬ ነው» አልኳት።

በሩ ተለጥፎ ስለነበር ለመክፈት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ውስጧ የዶሮ ላባ፣ የአይጥ ጎጆና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሞልቶባታል። ወለሏ በዝገት ተበልቶ ሣር በቅሎበት ነበር። የወንበሮቹን ጭድ አይጦቹ ጨርሰውታል። ጠርጌ ጠርጌ ኋላ ወንበር ጋ ስደርስ ከቆሻሻውና ከሻጋታው ሥር ያ የድሮ ሽታዋ መጣ፤ የጎማ፣ የቤንዚንና ትንሽ የሆስፒታል መድኃኒት ሽታ። መጥረጊያውን ይዤ ተቀመጥኩ። ለረጅም ጊዜ አልተነሣሁም።

መካኒክ ስጠይቅ ሁሉም ወደ አንድ ሰው ነው የላኩኝ። አዲሶቹ ልጆች የቮልስ ሞተር አያውቁም፤ የሚያውቁት ሽማግሌ ግን አውቶ ፓርኮ ከልጃቸው ጋር እንደሚኖሩ ነገሩኝ። ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ትውልዳቸው አምባ ጊዮርጊስ ነው፤ ከተማ የገቡት በወጣትነታቸው ነው፤ ሙያውን ያስተማራቸው ከጣሊያኖች የተማረ ሰው ነበር። ንግግራቸው እስከ ዛሬ የገጠሩን ለዛ አልለቀቀም። ሰው ሁሉ «አያ» ይላቸዋል፤ እኔም «አያ» አልኳቸው።

«ቮልስ ነው የምትለኝ?» አሉ። «የማን ቮልስ?»

«የሲስተር።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ሰማያዊዋ? አለች እንዴ?»

«አለች።»

«ምነው እስከ ዛሬ ሳትጠራኝ?» አሉና ምርኩዛቸውን ፈለጉ።

እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ብሎን ማጥበቅ አይችሉም። ስለዚህ በርጩማ አወጣሁላቸው። እሳቸው ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠው ያዛሉ፤ እኔ ሥሯ ገብቼ እሠራለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴ አራት ቀን ይመጣሉ። ካቻቢቴ አያያዜን አይተው፣ «የመጽሐፍ ሰው እጅ» ይሉኛል። ሲቸግረኝ ተንቀጥቃጭ እጃቸውን ሰደድ ያደርጉና ብሎኗን በጣታቸው ዳብሰው፣ «ይቺ በግራ ነው የምትፈታ» ይላሉ። ኢንተርኔት ቢኖር ኖሮ ሁሉን ከስልኬ ፈልጌ እሳቸውን ያን ያህል አልጠይቃቸውም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከኅዳር እስከ ጥር ወለሏንና አካሏን ሠራን። የተበላውን ወለል ቆርጠን በአዲስ ላሜራ ተካነው። የቀጠርነው በያጅ መብራት እስኪመጣ አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ግቢያችን ውስጥ ተቀምጦ ይውላል፤ ሚስቴ ምሳ ታቀርብለታለች፤ መብራት ሲመጣ ሰሃኑን ጥሎ ይሮጣል። የቤንዚን ታንኩን ጠጠር ሞልቼ በሁለት እጄ እያወዛወዝኩ አጠብኩት፤ ሦስት ቀን ክንዴ አልታጠፍ አለ። ወንበሮቹን ኮርቻ የሚሠራ ባለሙያ በበግ ጠጉር ሞልቶ ሰፋቸው። አሮጌውን ቀለም ስፍቅ ከበሩ ማጠፊያ ሥር፣ ፀሐይ ያልነካው አንድ የእጅ መዳፍ የሚያህል ሰማያዊ አገኘሁ። ቀለም ቀላቃዩ ጋ በሩን ነቅዬ ተሸክሜ ወሰድኩት፤ ሌላ በምን አስረዳዋለሁ?

በዚህ ሁሉ ጊዜ እናቴ ወደ ጓሮ አትመጣም። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ግን ጎበዝ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ትሄዳለች። ከአያ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ሻይ ትልክላቸዋለች። ስለ መኪናዋ ግን አንድም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። አንድ ቀን የተቀባውን በር ሳሎን አምጥቼ አሳየኋት። በጣቷ ነካ አድርጋ «ቀለሙ እሱ ነው» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ቅር አለኝ።

ሞተሩ ላይ የደረስነው በየካቲት ነው። ያ ሁሉ ዓመት የቆመ ሞተር ተጣብቋል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። በአያ ትእዛዝ በካንዴላዎቹ ቀዳዳ ዘይት አፍስሰን አሥር ቀን ተውነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተሩን በብሎን መፍቻ ይዤ ስጫን፣ እምቢ ብሎ፣ እምቢ ብሎ፣ እንደ ማቃሰት አለና ዞረ። አያ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚያዳምጡት።

«ሸጋ ነው» አሉ። «ምንም አልሆነችም።»

«ታዲያ ምኗ ነው የተበላሸው?»

«እሱን ነው እኔም የምጠይቅህ።»

በነጋታው መለሱልኝ። የእሳት ማከፋፈያውን ክዳን እንድከፍተው አዘዙኝ። ከፈትኩት። ውስጡ ባዶ ነበር። እዚያ መሀል ላይ የምትቀመጥ፣ አውራ ጣት የምታክል፣ አናቷ ላይ ቁራጭ መዳብ ያላት ጥቁር ዕቃ አለች፤ ሮተር ይሏታል። እሷ እየዞረች ነው እሳቱን ለእያንዳንዱ ካንዴላ የምታድለው። እሷ ከሌለች ሞተሩ ቢዞርም አይነሣም።

«ወድቃ ይሆናል» አልኩ።

«በክዳን ተዘግታ የት ትወድቃለች?» አሉ አያ። «ሌባም ይቺን ብቻ አይሰርቅም። ይቺ ማኪና ተበላሽታ አይደለም የቆመችው። ሰው ነው ያቆማት፤ የሚያውቅ ሰው።»

አዲስ አበባ ላለ የሥራ ባልደረባዬ በስልክ ነገርኩት፤ አፈላልጎ አገኘልኝ። በአውቶቡስ ላከው። መንገዱ ተዘጋ። ዕቃው ደብረ ማርቆስ ደርሶ ቆመ አሉኝ፤ ከዚያ ደግሞ ተመለሰ አሉኝ፤ ከዚያ የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። ዐቢይ ጾም ገባ። አያ እየመጡ በርጩማው ላይ ይቀመጣሉ፤ የሚሠራ ነገር ስለሌለ የድሮ ሾፌሮችን ወሬ ያወሩልኛል። አንድ ቀን ማዕድ ላይ፣ ያቺ ቁራጭ ዕቃ ጠፍታ ሥራው እንደቆመ፣ አያም ሰው አውቆ ነው ያወጣት እንዳሉኝ ለሚስቴ አወራኋት። እናቴ ጉርሻዋን መልሳ ማዕዱ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ እጇን ታጠበች።

ከዚያ በኋላ በነበረው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጓሮ መጣች። ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። የአያን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ከቀሚሷ ኪስ በፋሻ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ፈታሁት። ሮተሯ ነበረች። ፋሻው ቢጫ ሆኗል፤ መዳቧ ግን ዝገት የሚባል አልነካትም፤ ቅባት ተቀብታ ነበር።

«እማዬ፣ የት አገኘሽው?»

«እኔ ጋ ነበረች።»

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እሷ ራሷ ቀጠለች።

«ያኔ ወታደሩ ሲያፈገፍግ ያገኘውን ማኪና እየቀማ ነበር የሚሄደው። ይቺንም እንዳይወስዷት ነቅዬ ደበቅኋት። ያ ሐኪም ሲሸጥልኝ ያሳየኝ ነው፤ ይቺን ካወጣሽ ማንም አይነዳትም ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ አንድ ሰው እየሮጠ መጣ። ከወለቃ በላይ ካለው መንደር ነው። ሚስቱ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ሲስተር፣ በማኪናዎ ያድርሱልኝ አለኝ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። ይቺን ይዣት ነበር።»

ነጠላዋን አስተካከለች።

«በወለቃ በኩል ተኩስ ይሰማ ነበር። አባትህ ትምህርት ቤት ሊጠብቅ ሄዷል። እህትህ ትኩሳት ይዟት ተኝታለች። አንተ በሩ ላይ ቆመህ ታየኛለህ። ተበላሽታለች አልኩት። እዚህ ግቢ ውስጥ ቆማ እያያት ነው የነገርኩት። እጅ ነሥቶኝ ሄደ።»

«ከዚያስ?»

«በቃሬዛ አመጧት። እሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። በማግስቱ ሥራ ስገባ አልጋ ላይ አገኘኋት፤ ቁስሏን እኔ ነኝ የጠረግኩላት። ምንም አልተናገርኩም። ከዚያ በኋላ ይቺን መልሼ ማኪናዋን ባስነሣት ያ ሰው መንገድ ላይ ያያታል ብዬ ፈራሁ። ዛሬ ይቆይ፣ ነገ ይቆይ ስል ይኸው አረጀሁ።»

«እኛን ልትጠብቂ ብለሽ ነው እኮ፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ። እሱን ለራሴ ስንት ጊዜ የነገርኩት ይመስልሃል?» አለች። ከዚያ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «በል፣ አስነሣት።»

ያን ሰው ለማስታወስ ብዙ ሞከርኩ። በሩ ላይ ቆሜ ነበር ብላኛለች፤ እኔ ግን ፊቱን አላስታውሰውም። የማስታውሰው የእህቴን ትኩሳት ነው፤ ግንባሯ ላይ ጨርቅ እያረጠብኩ አደርግላት ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያ ቀን ለእኔ እህቴ የታመመችበት ቀን ብቻ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አስነሣናት። ለአያ የነገርኳቸው ነገር የለም፤ «ዕቃዋ ተገኘች» ብቻ አልኳቸው፤ እሳቸውም የት ብለው አልጠየቁኝም። ሮተሯን በቦታዋ አስቀመጥኩ። ባትሪው አዲስ ነው። ቁልፉን ሳዞር መጀመሪያ አሳለች፤ ሁለተኛ አሳለች፤ በሦስተኛው ጥቁር ጭስ ተፍታ ተነሣች። ያ ከጆሮዬ ሥር ያጉረመርም የነበረው ድምፅ ግቢውን ሞላው። አያ ምርኩዛቸውን ጥለው ሁለት እጃቸውን የኋላ ክዳኗ ላይ ጫኑ፤ የእጃቸው መንቀጥቀጥ ከእሷ ጋር አንድ ሆነ። ከጎረቤት አንዲት አሮጊት አጥር ላይ ብቅ ብለው፣ «የሲስተር ናት እንዴ?» አሉ። ዞር ስል እናቴ በረንዳው ላይ ወጥታ ነበር። አፏን በነጠላዋ አልሸፈነችም።

ፍሬኑን አስተካክለን፣ ሰሌዳዋን አሳድሰን፣ ለመውጣት ግንቦት ደረሰ። ወዴት እንውጣ ብዬ ስጠይቃት እናቴ ወዲያው፣ «ወለቃ» አለችኝ።

«ሰውየው አለ?»

«እሱ አርፏል። ሚስቱ አለች። መንገድ ዳር የሸክላ ዕቃ ትሸጣለች። በሚኒባስ ባለፍኩ ቁጥር በወዲያኛው በኩል እቀመጣለሁ።»

ወለቃ ቅርብ ነው፤ ከከተማ ወጥቶ ትንሽ ቁልቁል ነው። እናቴ አባቴ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ፊት ብቻ ታያለች። የሸክላ ሻጮቹ ጋ ስንደርስ «ቁም» አለችኝ። ድስቶች፣ ጀበናዎችና ትንንሽ የሸክላ እንስሶች መደዳውን ተደርድረዋል። ከመጨረሻዋ ድርድር ጀርባ አንዲት ሴት ጃንጥላ ይዛ ተቀምጣለች፤ ስልሳ ዓመት አካባቢ ትሆናለች። እኛን ሳይሆን መኪናዋን ነበር የምታየው።

«ይቺ ያቺ ማኪና አይደለችም?» አለች።

እናቴ ወረደች። «ናት።»

«ሲስተር ነዎት? አይ፣ አርጅተዋል!» ሴትዮዋ ተነሥታ ትከሻዋን ሳመቻት፤ ተሳሳሙ። እናቴ ግን እጇን አልለቀቀቻትም።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁ። ያኔ ባልሽ ሲመጣ ተበላሽታለች ያልኩት ውሸቴን ነው። ፈርቼ ነው።»

ሴትዮዋ መኪናዋን አየቻት፤ ከዚያ እናቴን። ፊቷ ላይ ቁጣ አላየሁም፤ መገረምም አላየሁም።

«እሱ ያኔ ነግሮኛል» አለች። «ሲስተር ዓይናቸው ሌላ ነው የሚለው አለኝ። ብዙ ጊዜ ይከፋው ነበር። እኔ ግን፣ ሲስተር፣ ልጁ ሆዴ ውስጥ መንቀሳቀስ የተወው ምጡ ሳይጀምረኝ በፊት ነው። ለእሱ አልነገርኩትም፤ ተስፋ አድርጎ ሲሮጥ ምን ልበለው? ከዚያ በኋላ አራት ወልጃለሁ። አንዷ እንደ እርስዎ ነርስ ናት።»

እናቴ ድስት የተደረደረበት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሴትዮዋም አጠገቧ ተቀመጠች። እኔ ወደ መኪናዋ ተመልሼ መስታወት መጥረግ ጀመርኩ፤ ቀድሞውንም ንጹሕ ነበር። ምን እንዳወሩ አልሰማሁም። ሲናፈጡ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ ያለቀሰ ሰው ነው እንደዚያ የሚናፈጠው።

ደመና ሲመጣ ሴትዮዋ ዕቃዋን ሰበሰበች። ድስቶቹን እኔ ከመኪናዋ የፊት ክዳን ሥር በጭድ አድርጌ ደረደርኩላት፤ ሞተሩ እዚያ አለመሆኑን ስታይ ሳቀች። ሁለቱ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወደ መንደሯ በሚወጣው ጥርጊያ መንገድ ላይ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ዘንድሮ ዝናብ አወሩ። አውርደናት ስንመለስ እናቴ ፊት ወንበር ላይ መጣች።

«ልጁ ቀድሞ ነው የሞተው ያለችው እውነቷን ይሁን፣ እኔን ለማሳረፍ ብላ ይሁን፣ እኔ አላውቅም» አለችኝ። «እንደ አዋላጅ ልጠይቃት እችል ነበር። አልጠየቅኋትም።»

«ይሻላል» አልኳት።

«ይሻላል» አለች እሷም። ከዚያ፣ «ማርሽ አታስጨንቃት፤ ሦስተኛ አስገባ» አለችኝ።

መሪውን እንድትይዝ ስንት ጊዜ ለምኛታለሁ። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ትራስ አድርጌላት ተቀመጠች፤ እግሯ ፍሪሲዮኑ ላይ ይደርሳል፤ ጉልበቷ ግን መርገጥ አልቻለም። «በቃኝ፣ ነድቻለሁ» ብላ ወረደች። አልከፋትም። አሁን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እኔ አደርሳታለሁ፤ መንገድ ላይ አሮጊቶች ካገኘች አስቁማ ትጭናለች፤ አንዳንድ ቀን አምስት ሆነው ይገባሉ።

አያን ለድካማቸው ምን ላድርግልዎ ብዬ ብጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለጉት፤ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ እንድወስዳቸው። እናትና አባታቸው ከተቀበሩ ወዲህ ተመልሰው አያውቁም። መንገዱ ሰላም ሆኖ በቆየበት በጥቅምት ወር፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ እሳቸው ፊት፣ እናቴ ኋላ ሆነው ወጣን። ዳገቱ ላይ መጨነቅ የጀመርኩት እኔ ብቻ ነኝ። አያ፣ «ይቺ ውኃ አትጠጣም፤ በንፋስ ነው የምትበርድ፤ ምን ትሆናለች? በሁለተኛ ይዘሃት ውጣ» ይሉኛል። የጭነት መኪኖች እየጮሁ አለፉን። ወገራ ሜዳ ላይ ስንደርስ ብርዱ በወለሉ ገባ፤ የገብሱ ማሳ በሁለቱም በኩል ቢጫ ሆኖ ነበር።

ገበያው ዳር አቆምኩ። አያ የሚያውቁትን ሰው ሲፈልጉ ቆዩ፤ የእሳቸው ዘመን ሰው ግን የለም። መኪናዋ ጋ ተመልሰው በሩን ከፍተው ተቀመጡ። ገበያተኛው ተሰበሰበ። አንድ በግ የያዘ ገበሬ ዙሪያዋን ዞሮ አያትና፣ «አያ፣ ይቺ ስንት ዘመኗ ነው?» አላቸው።

«ከአንተ ትበልጣለች።»

«እንዴት ነው ታዲያ እንዲህ ሸጋ የሆነች?»

አያ ወደ እኔ አዩ፤ ከዚያ ወደ እናቴ። «ሰው አላት» አሉት። ገበሬው ነገሩ ገብቶት ይሁን ሳይገባው ራሱን ነቅንቆ በጉን እየጎተተ ሄደ።

ስንመለስ ጉም ወረደብን። መብራቷን አብርቼ፣ በሠላሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ የመንገዱን ጠርዝ እያየሁ ወረድኩ። አያ አንገታቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እናቴ ከኋላ፣ ከሞተሩ በላይ ባለው ሙቀት ጋቢዋን ተከናንባ ተኝታለች። እንዳልቀሰቅሳቸው ጥሩምባ ሳልነካ፣ ከፊቴ ያሉት ከብቶች በራሳቸው ጊዜ መንገዱን እስኪለቁልኝ ቆሜ ጠበቅኩ።